«ሌላ ሰው ቀድሞኛል» ላሉ ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

የጠያቂዋ ደብዳቤ

«ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፦ ወላጆቼ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ተነሥተው ወደ ኢሉባቦር ከሄዱት ሰፋሪዎች መካከል ናቸው። እኔ የተወለድሁት እዚያው ሰፈራ ጣቢያ ሲሆን ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ስለ እናቴና ስለዚያ ጉዞ ልቦለድ መጻፍ ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ በዚሁ ጉዳይ ላይ የተጻፈ ልቦለድ አመጣልኝ። ሳነበው ደነገጥሁ፤ የመጠለያው ረኀብ፣ ጉዞው፣ የመጀመሪያው ክረምት፣ ወባው፣ ሁሉም አለበት። ሌላ ሰው ቀድሞኛል ማለት ነው። ሌላም ጉዳይ አለ። ረቂቄን ያነበበ የሥራ ባልደረባዬ ‹አማርኛሽ ተራ ነው፤ የታላላቆቹን ደራስያን ቋንቋ አይመስልም፤ የገጠርና የኦሮምኛ ቃልም ይበዛበታል› ስላለኝ ሦስት ምዕራፎችን እንደገና ጻፍኋቸው። ‹አኮ› ያልኋቸውን ጎረቤታችንን እንኳ ‹እማማ› አድርጌአቸዋለሁ። አሁን ሳነባቸው ግን ሌላ ሰው የጻፋቸው ይመስሉኛል። ከሁለቱም ረቂቆች ጥቂት መስመሮች አያይዣለሁ። እናቴ ዛሬም አብራኝ ትኖራለች፤ መጽሐፉ የት ደረሰ እያለች ትጠይቀኛለች። ልተወው ወይስ ልቀጥል?»

ምላሽ

ውድ ጠያቂዬ፣

ያለኝን መልስ አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከዚያ ላስከትል፦ ይቀጥሉ። ያነበቡት ልቦለድ የእርስዎን ሥራ የሚያስቀር አንዳች ነገር የለበትም። በደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ያሳሰቡኝ በባልደረባዎ ምክር እንደገና የጻፏቸው ሦስቱ ምዕራፎች ናቸው። የመጀመሪያው ሥጋትዎ ጊዜ ሲያልፍ በራሱ ይለቅዎታል። ሁለተኛው ግን መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አብሮ ሊሄድና፣ ደክመው በጨረሱት ጊዜ የእርስዎ ያልሆነ ሥራ በእጅዎ ሊያስቀር ስለሚችል፣ በዚህ ምላሽ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለእርሱ ነው።

ስለ ቀደመዎት ደራሲ ግን ጥቂት ልበል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ የተወሰደው ሰው ቁጥር ወደ 600,000 ይጠጋል። ረኀቡ አስጨንቆት ፈቅዶ የተመዘገበ ነበረ፤ ሳይፈቅድ የተጫነም ነበረ። ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ በየተሽከርካሪው ተለያይተው የቀሩ ነበሩ። አዲስ በተመነጠረ ጫካ ውስጥ በተሠራ መንደር የሰፈረ ነበረ፤ ‹ስግሰጋ› በተባለው አሠራር በነባሩ ገበሬ መካከል እንዲገባ የተደረገም ነበረ። ይህን ሁሉ አንድ ልቦለድ ሊጨርሰው አይችልም። ድርቁ፣ ጉዞውና ወባው በሁለታችሁም መጻሕፍት ውስጥ የተገኙት በእርግጥ የሆኑ ነገሮች ስለሆኑ ነው፤ ማንም ደራሲ አልፈጠራቸውም፣ ማንም ደራሲ የግሉ ሊያደርጋቸውም አይችልም። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ቢሆን ጥበቃ የሚያደርገው ሐሳቡ ለተገለጠበት መልክ ነው፤ ሐሳቡን ራሱን ለማንም አይሰጥም። እርግጥ ያ ደራሲ ከራሱ የፈጠረውን ገጸ ባሕርይ ወይም የታሪክ ጠመዝማዛ ወስደው ቢሆን ኖሮ ‹ተዉት› እልዎት ነበር። እርስዎ ግን የጻፉት እናትዎ የነገረችዎትን ነው።

በአንድ ጉዳይ ላይ ብዙ ሰው መሥራቱ ለአማርኛ ጸሐፊ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባውም፤ የቅኔ ጉባኤያችን የቆመው በዚሁ ላይ ነውና። ጀማሪው ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይነሣል። ቀን ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም መቃብር ቤት ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ይደርሳል፤ በኋላም መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ከእርሱ ጋር የሚማሩት ሁሉ የሚቆጥሩት በዚያው ልክ ነው፤ የበዓሉ ባለቤት ያው ቅዱስ ነው፤ የሚጠቀሰውም ታሪክ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው። ልኩ፣ በዓሉና ታሪኩ አንድ ሆነው ሳለ፣ ጓደኛው ያለውን መልሶ ማለት ለተማሪው ነውር ነው። ታዲያ በምን ይለያያሉ? አንዱ ሰሙን አባቱ ሲያርስ ካየው ያመጣዋል፤ ሌላው ቁራሽ ሲለምን ከገጠመው ውሻ፣ ሌላው ከተሻገረው ወንዝ ያመጣዋል። በወርቁ የሚገናኙ ተማሪዎች በሰሙ ይለያያሉ፤ ሰሙ ከእያንዳንዳቸው ኑሮ የተቀዳ ነውና። ነገሩ ከግለሰብም አልፎ፣ ያወቀ ሰው ቅኔውን ሲሰማ ከታወቁት የቅኔ ትምህርት ቤቶች የየትኛው እንደሆነ ለይቶ፣ የዋድላ ቤት ነው፣ የጎንጅ ነው፣ የዋሸራ ነው እስከ ማለት ይደርሳል። ይህ ሁሉ ልዩነት የበቀለው ከጥብቅ ሥርዓት ውስጥ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። በአንጻሩ ልቦለድ ጸሐፊ የቤት ቁጥር እንኳ አይገድበውም።

አሁን ወደላኩልኝ መስመሮች ልግባ። በመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ብለዋል፦

«እናቴ ከተሰፈረልን በቆሎ አንድ እፍኝ ዘግና አሸተተችው። ቆየችና መልሳ ማዳበሪያው ውስጥ ጨመረችው። ‹ይኸ እህል ሽታ የለውም› አለች። አባቴ አልመለሰላትም። እሱ ዛፎቹን ነበር የሚያየው።»

በሁለተኛው ደግሞ ይኸው ቦታ እንዲህ ሆኗል፦

«ያቺ ምስኪን እናት ጨካኙ ዕጣ ፈንታ በግፍ ያቀረበላትን እንግዳ እህል በመሪር ሐዘን በተዋጠ ልብና በዕንባ በራሱ ዓይኖች እየተመለከተች የትውልድ ቀዬዋን ትዝታ በጥልቅ ትካዜ ታስታምም ነበር።»

የመጀመሪያውን ደጋግሜ አነበብሁት። በእፍኝ ዘግኖ ማሽተት የገበሬ ሴት እህል የምትፈትሽበት መንገድ ነው፤ ነቀዝ የገባው፣ እርጥበት የነካው፣ ጎተራ ውስጥ የከረመው በአፍንጫ ይታወቃል። እናትዎ ዕድሜዋን ሙሉ በማሽላና በጤፍ ያካበተችው ዕውቀት በዚያች ቅጽበት ከእርሷ ጋር እንዳልተሰደደ፣ የሚሠራበት አገር ከኋላ እንደቀረ አንባቢው የሚረዳው ከዚህች እንቅስቃሴ ነው። ‹ሽታ የለውም› ስትል እህሉ ተበላሽቷል አላለችም፤ የማነበው ነገር አጣሁበት ማለቷ ነው። አባትዎ ደግሞ መልስ ሳይሰጥ ዛፎቹን ያያል። ዛፉ ከተመናመነበት ደጋ የመጣ አራሽ በኢሉባቦር ደን መካከል ቆሞ በሬ የት እንደሚያዞር እያሰበ ይሆናል፤ ፈርቶም ይሆናል። እርስዎ አልነገሩንም፣ ባለመንገርዎም ደግ አደረጉ። ሐዘን የሚል ቃል ሳይጠራ ሐዘኑ ደርሶኛል።

ሁለተኛውን ሳነብ ግን ማንም ሰው አላየሁም። ‹ምስኪን›፣ ‹ጨካኝ›፣ ‹መሪር›፣ ‹ጥልቅ› የሚሉት ቅጽሎች አንባቢው ምን ሊሰማው እንደሚገባ አስቀድመው ያዝዙታል፤ እናትዮዋ በእጇ ምን እንዳደረገች ግን አይነግሩትም። በቆሎውን አውጥተው የእስር ቤት ዳቦ ቢያስገቡበት፣ እናቲቱን አውጥተው በሰው አገር የምትሠራ እኅት ቢያስገቡባት ዓረፍተ ነገሩ ሳይነካ ይቀጥላል። በሦስቱም ምዕራፎች እንዲያደርጉት የምፈልገው ፍተሻም ይኸው ነው። አንድን ዓረፍተ ነገር አንሥተው ምንም ሳይለውጡ በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ሊያስቀምጡት ከቻሉ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ገና አልተጻፈም፤ ከጋራ ክምችት የተወሰደ ነው። ባልደረባዎ ‹ተራ› ያሉት አማርኛ እንዲህ ያለውን ፍተሻ ያልፋል፤ ‹ከፍ ያለ› ብለው ያሰቡት ግን አላለፈም።

ስለ ‹ታላላቆቹ ቋንቋ› የተባለውንም ዝም ብዬ አላልፈውም፤ ብዙ ጀማሪ ጸሐፊን የጎዳ አነጋገር ነውና። የትኞቹ ታላላቆች? የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ተከተለ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አራት ዓመት ነው። ሁለቱም ለዚያው ትውልድ አንባቢ፣ በዚያው ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ ነገር ግን ከየትኛውም ገጽ አምስት መስመር ቢነበብልን የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት አንቸገርም። ሐዲስ በጎጃም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፣ ኋላም በጦርነቱ ተማርከው በኢጣሊያ የታሰሩ፣ ከዚያም ረጅም ዘመን በዲፕሎማሲና በመንግሥት ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ዓረፍተ ነገራቸው ሲረዝም የሚረዝመው ጉዳዩን ከዚህም ከዚያም እያገላበጡ፣ አንባቢያቸውን እንደ ሸንጎ ሰው አስቀምጠው፣ ምክንያቱን እስከ ሥሩ ሳያስረዱ መልቀቅ ስለማይሹ ነው። በዓሉ ደግሞ ጋዜጠኛ ነው፤ ጋዜጣና መጽሔት ያዘጋጀ፣ ከተማውን በንግግሩ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ዓረፍተ ነገሩ ያጥራል፤ ጭውውቱ ይፈጥናል፤ ሰዎቹን የምናውቃቸው ሲነጋገሩ ነው። በዚያው በ1962 ዓ.ም. የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ወጣ፤ እርሱ ደግሞ ከሁለቱም ጋር የማይገጥም፣ አንባቢውን ጠይቆ የሚያሠራ ሌላ ዓይነት ድርሰት ነው። በግጥም በኩል የጸጋዬ ገብረ መድኅን ምት ከሌላው ከመለየቱ የተነሣ ‹ጸጋዬ ቤት› የሚል ስም እስከ ማውጣት ደርሷል። እንግዲህ እርስዎ የእነዚህን ሁሉ ቋንቋ በአንድ ጊዜ ሊመስሉ አይችሉም፤ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉምና። ታላላቆቹን ታላቅ ያሰኛቸው አንዱ ነገርም ይህ አለመመሳሰላቸው ነው።

ታላቅ ደራሲን የሚመስል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ላይ ላዩን ነው፤ የዓረፍተ ነገሩን ርዝመት፣ የቆየውን ቃል፣ የተከበረውን አነጋገር። ደራሲው ለምን እንዳስረዘመው ግን አብሮ ሊወስድ አይችልም፤ ያ ከሰውዬው አስተሳሰብ ጋር የተያያዘ ነውና። ስለዚህ ነው የሁለተኛው ረቂቅዎ ዓረፍተ ነገር ረጅም ሆኖ ሳለ በውስጡ የሚመረመር ነገር ያጣነው። መምሰል ሁሉ ክፉ ነው እያልሁ አይደለም። የሚወዱትን ደራሲ ገጽ በእጅ መገልበጥ፣ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያርፍ መቁጠር፣ በእርሱ መንገድ አንድ ገጽ መሞከር ጥሩ ልምምድ ነው፤ ቅኔ ተማሪም የሚጀምረው የመምህሩን መንገድ ይዞ ነው። ልምምዱን ግን በሌላ ደብተር ያድርጉት።

አሁን አማርኛ ለተራኪ ስለሚያመጣው አንድ ግዴታ ላንሣ፤ የእርስዎ ድምፅ ከሁሉ በላይ የሚታየው በዚህ ይመስለኛልና። እኛ ስለ አንድ ሰው ሦስት ቃል ለመናገር እንኳ ‹መጣ› ወይም ‹መጡ› ከሚሉት አንዱን መምረጥ አለብን፤ መካከለኛ ግሥ የለንም። ስለዚህ ተራኪው እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ባስገባ ቁጥር ከዚያ ሰው ጋር ያለውን ርቀት ሳይወድ ይናገራል። እኔ ራሴ ከላይ ሐዲስ ዓለማየሁን በአክብሮት ‹ናቸው›፣ በዓሉ ግርማን ‹ነው› ብያለሁ፤ ብዙ አንባቢም እንዲሁ ይላል፤ ይህም ሁለቱ ለአንባቢያቸው የቆሙበትን ስፍራ ያሳያል። እርስዎ እናትዎን ‹አሸተተችው› ብለዋል፤ ልጅ እናቱን በቅርበት የሚጠራበት ነው። የጣቢያውን ኃላፊስ እንዴት ይጠሩታል? ሕፃኗ ተራኪ ‹መጡ›፣ ‹አዘዙ›፣ ‹ተቆጡ› እያለች ቆይታ፣ ካደገች በኋላ ባለው ምዕራፍ ያንኑ ሰው ‹መጣ›፣ ‹አዘዘ› ብላ ብትጽፈው፣ አንድም የማብራሪያ ቃል ሳይጨመር ፍርሃቱ እንደለቀቃት ወይም ቂም እንደያዘች አንባቢው ያውቃል። አባትዎ ከባለሥልጣኑ ፊት እናትዎን በምን ስም ጠራት? በቤት ውስጥስ? ያነበቡት ልቦለድ ደራሲ እነዚህን ጥያቄዎች በራሱ መንገድ መልሷል። እርስዎ ያደጉበት ቤት የመለሰው ግን በሌላ ይሆናል፤ ሁለቱ መጻሕፍት በሁሉም ትዕይንት ቢገናኙ እንኳ በዚህ አይገናኙም።

የቦዝ አንቀጹም እንዲሁ ነው። ‹ተነሥታ፣ እሳቱን ቆስቁሳ፣ ልጁን አዝላ፣ ወጥታ…› እያልን ማሰሪያ ግሡን ማቆየት እንችላለን፤ ‹ተነሣች። ወጣች።› ብለንም መቁረጥ እንችላለን። እርስዎ በተፈጥሮዎ የሚቆርጡ ጸሐፊ ነዎት፤ ‹ቆየችና› ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ትንፋሽ ሰጡን፤ ‹አባቴ አልመለሰላትም› ብለውም ዘጉት። ይህን ልማድዎን ይወቁት እንጂ አያፍሩበት።

እናትዎ አብራዎት መኖሯን ሳነብ ደስ አለኝ። መንግሥቱ ለማ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በድምፅ መቅረጫ ቀርጾ በ1959 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትሞታል። አለቃ ለማ የቅኔ ሊቅ ነበሩ፤ ልጃቸው ደግሞ በውጭ አገር የተማረ ገጣሚና የተውኔት ጸሐፊ ነበር። ልጁ የአባቱን ቃል ወደ ራሱ የድርሰት ቋንቋ ቢለውጠው ይቻለው ነበር። እርሱ ግን የአዛውንቱን አወራር፣ የነገር አመላለሳቸውንና ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው የሚሻገሩበትን መንገድ ጠበቀላቸው፤ የራሱን ድምፅ «ያላቻ ጋብቻ»ን ለመሰሉት ተውኔቶቹ አቆየ። ሁለቱ ሥራዎች ከአንድ ቤት ወጥተው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እርስዎም ስልክዎን ከፍተው እናትዎን ያስወሯት፤ ደስ ባላት ሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ‹ስለ ሰፈራው ንገሪኝ› የሚል ጥያቄ ሳይጫናት። ስለ በቆሎው፣ ስለ መጀመሪያዋ ጎረቤት፣ ከወሎ ይዛው ስለመጣችው ዕቃ ይጠይቋት። ከዚያ የተቀረጸውን ሳያርሙ ቃል በቃል ይገልብጡት። ይህ የሚያስፈልገው እርሷ በመጽሐፉ ውስጥ ስትናገር እንደ እርሷ እንድትናገር ነው። ተራኪዋ ግን እርስዎ ነዎት፤ በሰፈራ ጣቢያ የተወለደች፣ ተምራ መምህርት የሆነች ሴት። ሁለቱ ድምፆች አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ ልዩነታቸው ራሱ የታሪኩ አካል ይሆናል፤ እናት የምታውቀውን አገር ልጅ በወሬ ብቻ ታውቀዋለችና።

ስለዚሁ፣ ‹አኮ›ን ይመልሷቸው። በኦሮሞ ገበሬዎች መካከል ያደገ የሰፋሪ ልጅ ጎረቤቱን አሮጊት በኦሮምኛ አያት ብሎ መጥራቱ፣ ከሁለት ሕዝብ መካከል ምን ዓይነት ዝምድና እንደበቀለ ያሳያል። የወሎ አያቶችዎ በሩቅ ቀርተው ሳለ እኒህ ሴት የአያትነቱን ስፍራ ያዙ ማለት ነው። ‹እማማ› ሲሏቸው ይህ ሁሉ ጠፋ፤ የትም ከተማ የምትገኝ ጎረቤት ሆኑ። ትርጉሙን በቅንፍ አያስገቡ፤ ሴትዮዋ ልጅቱን ሲያቅፉና ሲቆጡ አንባቢው ራሱ ይደርስበታል። የእናትዎን ወሎኛም እንዲሁ ያክብሩት፤ ‹ከቤት› ለማለት ‹ተቤት› የምትል ከሆነ፣ ጎረቤት ሲያዝን ‹አብሽር› የምትል ከሆነ፣ ትበል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቃል ላይ የአነጋገር ልዩነቷን ለመጻፍ አይሞክሩ። አንባቢ በጥቂት ቦታ ከሰማው ቀሪውን በጆሮው ይሞላዋል፤ ሲበዛበት ግን እናትዎ የምትነግረውን ትቶ አነጋገሯን መመልከት ይጀምራል፤ ከዚያም አልፎ ሰው ሲስቅባት ሊታይዎ ይችላል። እርሷ የታሪኩ ዋና ሰው ናት፤ ለትርኢት የቀረበች አይደለችም።

ለባልደረባዎ ፍትሕ ለማድረግ አንድ ነገር ልጨምር። ጉድለት ሁሉ ድምፅ አይደለም። በላኩልኝ ገጽ ላይ አንዱን ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ጽፈውታል፤ ባለቤትና ግሥ ያልተስማሙበት ቦታም አለ። እነዚህን ያርሙ፤ አራሚ ሲያርምልዎም አይከራከሩ። ክርክርዎን ለቃል ምርጫው፣ ለዝምታውና ለአተያዩ ያቆዩት። እርማቱ ዓረፍተ ነገሩን አጥርቶ እናትዮዋን ይበልጥ ካሳየን ተቀበሉት፤ ካጠፋት ግን፣ የሚያርመው ሰው ምንም ያህል የተማረ ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ይመልሱ።

እንግዲህ ነገ ጧት የት ይጀምሩ? ሦስቱን ምዕራፎች አይቅደዷቸው፤ በአንድ ማኅደር ያስቀምጧቸውና ወደ መጀመሪያው ረቂቅ ይመለሱ። አራተኛውን ምዕራፍ ከዚያ ይቀጥሉ። በጻፉ ቁጥር ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ምላስዎ የሚሰናከልበት፣ ወይም ለተማሪዎችዎና ለእናትዎ ፊት ለፊት ሊናገሩት የማይደፍሩት ቃል ሲገጥምዎ ምልክት ያድርጉበት። በሁለተኛው ረቂቅ ውስጥ በእውነት የተሻለ ነገር ካገኙ፣ ጥቂት እንደማይጠፋ እገምታለሁ፣ መልሰው ያምጡት። ረቂቁን ለባልደረባዎ ዳግም ሲያሳዩ ደግሞ ‹ቋንቋው እንዴት ነው› ብለው አይጠይቁ። የት ቦታ ላይ እንደሰለቻቸው፣ የት እንደጠፋባቸው፣ የትኛውን ሰው እንዳላመኑት ይጠይቋቸው። ከዚህ የሚገኘው መልስ ይጠቅምዎታል።

የራስዎን እስኪጨርሱ ድረስ ያንን ልቦለድ ዳግመኛ አይክፈቱት፤ ሐሳቡን እሰርቃለሁ ብለው ሳይሆን፣ እየተጠነቀቁ መጻፍ እጅ ስለሚያስር ነው። ከእርሱ እንዳይመሳሰል ብለውም የጉዞውን ወይም የወባውን ምዕራፍ አያውጡ። የራስዎን ጨርሰው ካስቀመጡ በኋላ ግን ተቀምጠው ያንብቡትና በሁለታችሁም የሚገኙትን ትዕይንቶች አንድ በአንድ ያስተያዩ። በእያንዳንዱ ላይ እናትዎ ብቻ ያየችው፣ የነካችው ወይም የተናገረችው ነገር ካለ ትዕይንቱን እንዳለ ያቆዩት፤ ያ ካልተገኘ ትዕይንቱን በሁለት መስመር ያሳጥሩትና እርሷ ወዳለችበት ይለፉ።